ከቅርጫት የወጣው ዜማ

እንደምን ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። አንድ ዜማ ሳምንቱን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ተጣብቆ አስቸግሮኛል። «ቴክ ዘ ኤ ትሬን» ይባላል። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለብዙ ጊዜ የአሜሪካዊው የጃዝ ባንድ መሪ የዱክ ኤሊንግተን ድርሰት ይመስለኝ ነበር። አይደለም፣ የዜማ ደራሲው የቢሊ ስትሬሆርን ነው። በ1938 መጨረሻ ፒትስበርግ ላይ ሲተዋወቁ ስትሬሆርን ገና 23 ዓመቱ ነበር። ኤሊንግተን ኒውዮርክ ና አለውና የቤቱን አቅጣጫ ነገረው፦ የኒውዮርክ ሰፈር ወደሆነው ሃርለም «ኤ» በሚባለው የከተማ ባቡር። ዜማው ከዚህ መጣ። እኛ ብንሆን «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ቢጫውን አጥር ስታይ ደውል» ነበር የምንለው። ከዚህ ዘፈን አይወጣም!

የተቀረጸው ደግሞ በጭቅጭቅ ሰበብ ነው። በ1941 መጀመሪያ የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎችና አስካፕ የተባለው የደራሲያን ማኅበር በክፍያ ተጣሉ። የአባላቱ ሥራ ከሬዲዮ ጠፋ። ኤሊንግተን አባል ነው፣ ስትሬሆርን አይደለም። ስለዚህ ባንዱ የወጣቱን ዜማዎች ፈለገ። የኤሊንግተን ልጅ መርሰር እንደሚያወራው፣ ስትሬሆርን ይህን ዜማ «የፍሌቸር ሄንደርሰንን (የሌላውን ባንድ መሪ) ሥራ ይመስላል» ብሎ ጥሎት ነበር። ከቅርጫት ያወጣሁት እኔ ነኝ ይላል። ፌብሩዋሪ 15 ቀን ሆሊውድ ውስጥ ተቀረጸ። የባንዱም መለያ ሆነ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ትራምፔት ነፊው ሬይ ናንስ ነው። ባንዱን ከተቀላቀለ ገና ጥቂት ወሩ ነው። ትራምፔቱን መጀመሪያ አፍኖ፣ በኋላ ከፍቶ ይነፋል። ያ ለብቻው የነፋው ክፍል (ሶሎ) የእሱ ፈጠራ ነው፣ ኋላ የመጡት ግን እንደ ድርሰቱ አካል ቆጥረው ኖታ በኖታ ደገሙት። እስቲ አስቡት፣ የአንድ ቀን ጨዋታህን ሌላው እንደ ዳዊት ሲደግመው!

ሁሉም አልደገመውም ታዲያ። በ1952 ኤሊንግተን ራሱ ከዘፋኟ ቤቲ ሮሼ ጋር ከስምንት ደቂቃ በላይ አስረዘመው። እሷ ቃል ትታ በድምጿ ትጫወታለች። በ1955 ትራምፔት ነፊው ክሊፎርድ ብራውንና ከበሮ መቺው ማክስ ሮች ባቡር ሲነሳ የሚያሰማውን ድምፅ በመሣሪያ እየሠሩ ጀመሩት። እኔ ይህኛውን አብልጣለሁ፣ አትቆጡኝ።

ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቷል። ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ተገናኝተዋል። ያኔ ስትሬሆርን ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

አሁን የ1941ዱን ክፈቱት። ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ናንስ ሲገባ ድምፁን ጨምሩት።