ያልተዘጋው ሐረግ፦ በቃሊቲ ለላሜራ ቆራጭ ሠልጣኞች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ አሠልጣኞች፣ ወላጆች፣ ውድ ሠልጣኞች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ስትገቡ ከበሩ በስተግራ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን ላሜራ አይታችሁታል። ሁለት ሠልጣኞች ሲያደንቁት ሰምቼ ዝም ብዬ አለፍኩ። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ነው። በብራና መጻሕፍት ገጽ አናት ላይ የምናውቀው ዓይነት ሐረግ እየተጠላለፈ ከላይ እስከ ታች ይወርድበታል። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቤት የሠሩ አንድ ደንበኛ ለግቢ በራቸው አዝዘውኝ በፕላዝማ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በጋለ የጋዝ እሳት ብረት በሚቆርጥ ማሽን፣ የቆረጥኩት ነው። መጡ፣ ዞር ዞር ብለው አዩት፣ በጣታቸው አንድ ቦታ ነካ አደረጉ፣ ከዚያም “ይህን በሬ ላይ አልሰቅልም” ብለው ሄዱ። እውነታቸውን ነበር። ላሜራው ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ መምህር ሆኖ ቀርቷል፤ ዛሬ በጭነት መኪና አስጭኜ ያመጣሁትም እናንተንም እንዲያስተምር ብዬ ነው።

ጥፋቱን ልንገራችሁ። ከታች ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቅጠሎች አሉ። በመካከላቸው 5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀጭን ብረት መቅረት ነበረበት። የቀረው 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። እሱም በእሳቱ ሙቀት እንደ ድርቆሽ ተጣሟል። የጎደለው 3 ሚሊሜትር የት ሄደ? ያን ቀን ማሽኑን ረገምኩ፤ መብራቱን ረገምኩ፤ ማሽኑን የሸጠልኝንም ሰው አልማርኩም። ማታ ማሽኑ የቆረጠበትን ሥዕል ኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ ቅጠሎቹን ደጋግሜ ሳጎላቸው ግን ተጠያቂውን አገኘሁት። የቅጠሉን ግማሽ ስዬ፣ ሌላውን ግማሽ በመስታወት ገልብጬ፣ ሁለቱን አጠጋግቼ ትቻቸዋለሁ። በጫፎቻቸው መካከል 0.04 ሚሊሜትር ክፍተት ነበር። ከራስ ፀጉር ውፍረት ያነሰ ማለት ነው።

ይህች ክፍተት 3 ሚሊሜትር ብረት እንዴት እንደበላች መረዳት የዚህ ሙያ ግማሽ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። የፕላዝማ እሳት የሚያልፍበት መንገድ ስፋት አለው። በእኔ ማሽን በዚህ ውፍረት ላይ ወደ 1.5 ሚሊሜትር ነው። ሌዘር ከሆነ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሚሊሜትርም ያነሰ ነው። እሳቱ በትክክል በመስመሩ ላይ ቢሄድ፣ የስፋቱ ግማሽ ከምንፈልገው ብረት ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ ፕሮግራሙ እሳቱ የሚወጣበትን ቶርች በግማሹ ያህል ገፋ ያደርገዋል፤ ለቀዳዳ ወደ ውስጥ፣ ለውጭ ዙሪያ ወደ ውጭ። ግን ውስጥና ውጭ የሚባል ነገር የሚኖረው ለተዘጋ ቅርጽ ብቻ ነው። አጥር ያልተዘጋበት ግቢ ውስጥ ነኝ ማለት ምን ትርጉም አለው? የእኔ ቅጠሎች ክፍት ስለነበሩ ፕሮግራሙ ቀዳዳ መሆናቸውን አላወቀም። መስመሩ በተሳለበት አቅጣጫ ብቻ ጎን መረጠ፤ የመረጠውም የተሳሳተውን ጎን ሆነ። ከእያንዳንዱ ቅጠል ዳር 1.5፣ ከሁለቱ 3 ሚሊሜትር ተበላ። ማሽኑ የታዘዘውን ነው የፈጸመው።

አሁን ወደ መስመሮቹ እንግባ። ከኮምፒውተር የሥዕል ፕሮግራሞች ኮረልድሮውን ትጠቀሙ ኢንክስኬፕን፣ ኩርባ መስመር ስትስሉ ነጥብና ከነጥቡ የሚወጡ እጀታዎችን ትጎትታላችሁ። ብዙ ሰው ይህ ነገር ለሥዕል ወይም ለኅትመት የተፈጠረ ይመስለዋል። እኔም እንዲያ ነበር የሚመስለኝ። የተወለደው ግን ከእኛ ቤት ነው፤ ከብረት ሥራ። በፈረንሳይ አገር የመኪና ፋብሪካዎች የመኪና አካል ቅርጽ በቁጥር ለሚታዘዝ ማሽን የሚነገርበት ዘዴ ይፈልጉ ነበር። በ1959 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፖል ደ ካስተልዦ የተባለ የሲትሮየን ባለሙያ መፍትሔ አገኘ፤ ኩባንያው ግን እንደ ምስጢር ያዘው። ጥቂት ቆይቶ በ1960ዎቹ ፒየር ቤዚዬ በሬኖ ወደ ተመሳሳይ ነገር ደረሰና ሥራውን አሳተመ። የኩርባው መጠሪያም በቤዚዬ ስም ቀረ። ምስጢር መያዝ ስምን እንዴት እንደሚያስቀር ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ የዕውቀቱን ጓዳ ቆልፎ የሚኖር ስንት ባለሙያ እናውቃለን።

የደ ካስተልዦ ዘዴ ግን በጣውላ፣ በሚስማርና በክር የሚሠራ ነው። ቤታችሁ ሞክሩት። አራት ሚስማሮች እንደፈለጋችሁ ምቱ። አንደኛው የኩርባው መነሻ፣ አራተኛው መድረሻው ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ኮምፒውተሩ ላይ የምትጎትቷቸው የእጀታዎቹ ጫፎች ናቸው። አራቱን በቅደም ተከተል በክር አገናኙ፤ ሦስት ክር ይሆናል። የሦስቱንም ክር እኩሌታ ምልክት አድርጉና ምልክቶቹን አገናኙ፤ ሁለት ክር። የእነሱንም እኩሌታ ያዙና አገናኙ፤ አንድ ክር ቀረ። የዚህ የመጨረሻ ክር እኩሌታ ከኩርባው ላይ ያለ ነጥብ ነው፤ ክሩ ራሱም ኩርባውን እዚያው ላይ ዳስሶ ያልፋል። ከእኩሌታ ይልቅ ሲሶውን፣ ሩቡን እየያዛችሁ ብትደግሙት የኩርባውን ሌሎች ነጥቦች ታገኛላችሁ። ኮምፒውተሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የእሱ ክር አይበጠስም እንጂ።

ክሩን የነገርኳችሁ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። እጀታው ከነጥቡ በምን አቅጣጫ እንደሚወጣ ካያችሁ፣ ኩርባው በዚያው አቅጣጫ እንደሚነሳ ታውቃላችሁ። እንግዲህ ሁለት ኩርባዎች ያለ ስብራት እንዲገጣጠሙ ምን ያስፈልጋል? መጀመሪያ ጫፎቻቸው አንድ ነጥብ መሆን አለባቸው። ቀጥሎ ከነጥቡ ግራና ቀኝ የሚወጡት ሁለት እጀታዎች እንደ ሚዛን ዘንግ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። ዘንጉ ከተሰበረ መጋጠሚያው ማዕዘን ይሆናል። በወረቀት ላይ ይህን ስብራት ላታዩት ትችላላችሁ። ቶርቹ ግን ማዕዘን ሲያገኝ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ እሳቱ ባለበት ስለሚቆይ ብረቱ ይቀልጣል፣ ጉጥ ይሠራል። ከዚያ ግራይንደር ይዞ መቀመጥ ነው።

ስለ መጋጠም ሳወራ እዚህ ያሉትን በያጆች ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። ኮረልድሮው ውስጥ ግሩፕ፣ ኮምባይን እና ዌልድ የሚባሉ ሦስት ትእዛዞች አሉ፤ ብዙ ጀማሪ አንድ ይመስሉታል። ግሩፕ ማለት ቁርጥራጮቹን በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ማስገባት ነው፤ አብረው ይነሳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ግን አልተነካካም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው አይደለም፤ ድሩ ገና አላበረም። ኮምባይን ሁሉንም አንድ ዕቃ ያደርጋቸዋል፤ ሲደራረቡ የተደራረቡበት ቦታ ቀዳዳ ይሆናል። ጫፍን ከጫፍ ለማጋጠም መጀመሪያ ይህን ማድረግ ግድ ነው፤ ነጥቦቹ የሁለት ዕቃ ከሆኑ አይጋጠሙምና። ዌልድ ስሙ እንደሚለው ብየዳ ነው፤ የተደራረበውን ሁሉ አቅልጦ አንድ ዙሪያ ያወጣል። እኔ ሐረጉን በሳልኩበት ማታ ቅጠሎቹን ግሩፕ አድርጌ ነበር የተኛሁት።

ክፍት ጫፎችን በርቀት ወሰን በጅምላ የሚያጋጥም መሣሪያም አለ። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ወሰኑን 2 ሚሊሜትር ብላችሁ ቁልፉን ስትጫኑት ሊጋጠሙ የማይገባቸውን ጎረቤታሞች ያጋባቸዋል። ከ0.1 አትለፉ እላችኋለሁ፤ ከዚያም ያነሰ ይበቃል።

ደግሞ ቀለም የመሙላት ፈተና አለ፤ ቅርጹን በቀለም ሞልቶ መዘጋቱን ማየት። ኮረልድሮው ክፍት መስመርን ካልታዘዘ በቀር አይሞላም፤ እዚያ ፈተናው ይሠራል። ኢንክስኬፕ ግን ክፍቱንም ይሞላዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው የተሸጋገራችሁ በዚህ እንዳትታለሉ።

ስለ ነጥብ ብዛት የማልደብቀው ቁጣ አለኝ። ደንበኛ በስልክ ያነሳውን ፎቶ ያመጣል፤ ሠራተኛው ፎቶውን በራሱ ወደ መስመር የሚቀይረውን ትእዛዝ ይጫናል፤ ውጤቱ እንደ ጉንዳን የተሰለፈ ነጥብ ነው። አንድ የሐረግ ቅጠል ከሺህ በላይ ነጥብ ይዞ መጥቶልኝ ያውቃል። በእጄ ስስለው 14 ነጥብ በቃው። ሙሉ ክብ እንኳ በአራት ነጥብ ይሳላል፤ እጀታዎቹን የሬዲየሱን 0.552 ያህል ብትጎትቷቸው ከእውነተኛው ክብ የሚለየው ከአንድ ሺህኛው ክፍል ባነሰ ነው። ነጥቡን ኩርባው ጥግ በሚደርስበት ቦታ ላይ፣ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ አኑሩ፤ የቀረውን ለእጀታው ተዉለት።

ወደ ማሽኑ ስትልኩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኩርባው ወደ አጫጭር ቀጥታ መስመሮች ይሸነሸናል። 100 ሚሊሜትር ሬዲየስ ያለውን ክብ እስከ 0.1 ሚሊሜትር ስህተት ብትፈቅዱለት ወደ 70 ቁራጮች ይሆናል። 0.01 ብትሉት ከ220 ያልፋል። የእሳቱ መንገድ 1.5 ሚሊሜትር ስፋት ላለው ፕላዝማ ይህ ትርፍ ጭንቀት ነው፤ አንዳንድ ማሽን ሲንቀጠቀጥ የምታዩትም ከዚህ የተነሳ ነው። መለኪያውንም አረጋግጡ፤ በሚሊሜትር የተሳለ በኢንች ቢነበብ 25.4 እጥፍ ያድጋል፤ ያንን ግን ማንም ያያል።

በማስታወቂያ ሥራ ላይ ለምትሰማሩ የፊደላችንን ነገር ሳልነግራችሁ አልወርድም። አንድ ጊዜ ለአንድ ሱቅ ‘ወተት’ የሚል ጽሑፍ ከላሜራ ላይ ፊደሎቹ ክፍት ሆነው እንዲታዩ ቆረጥኩ። ማሽኑ ጨረሰ፤ ላሜራውን ሳነሳው ከ‘ወ’ ውስጥ ሁለት ግማሽ ክቦች መሬት ላይ ወደቁ። የቀረው አንድ ድፍን ቀዳዳ እና ‘ተት’ ነበር። ሆዳቸው የተዘጋ ፊደሎች ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ ‘ዐ’፣ ‘ፀ’፣ ‘መ’፣ ‘ቀ’። ‘ሀ’፣ ‘በ’፣ ‘ሰ’ ግን አያስቸግሩም። ለተዘጉት ከሆዳቸው እስከ ውጭ የሚደርስ ቀጭን ድልድይ መተው ያስፈልጋል። ድልድዩን ስታስገቡ መስመሩን ትቆርጣላችሁ፤ ከቆረጣችሁ እንደገና ልትዘጉት ነው። ያን የረሳ ሰው ወደ እኔ ቅጠል ይመለሳል። ጽሑፉንም ከመላካችሁ በፊት ወደ ኩርባ ለውጡት፤ የማሽኑ ኮምፒውተር የግእዝ ፊደል ከሌለው ባዶ ሣጥን ብቻ ያሳያችኋል።

ለደንበኛዬ ሌላ በር ሠራሁላቸው፤ ከኪሴ። ግቢያቸው በር ላይ ተሰቅሏል። በዚያ መንገድ ሳልፍ ከታች ያሉትን ሁለት ቅጠሎች ሳላይ አላልፍም።

የአሮጌውን ላሜራ ሥዕል በዚያው ስህተቱ አኑሬዋለሁ። ለዛሬ ብዬም አንድ ነገር ጨምሬበታለሁ፤ በሐረጉ ውስጥ ሌሎች ሦስት ክፍት መጋጠሚያዎች አሉ፤ የት እንዳሉ ለአሠልጣኞቻችሁም አልነገርኳቸውም። ሥዕሉ በጎን ክፍል ባሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ ተጭኗል። መብራት ሳይሄድ ተነሱና እንፈልጋቸው።