ከጧፍ ወደ ጧፍ ምን ያልፋል?

ሰላም ሰላም! እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ሁለት ጧፍ ይዤ ነው የመጣሁት። አንዱ በርቷል። ሌላው ገና አልተለኮሰም። እስቲ ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። ላስጠጋው... ያዘ። አሁን ሁለቱም ይበራሉ።

እሺ፣ ልጠይቃችሁ። ከዚህኛው ወደዚያኛው ምን አለፈ? ሰሙ አላለፈም። ክሩም አላለፈም። እሳቱ ነው ያለፈው እንዳንል፣ የመጀመሪያው እሳት እዚሁ አለ፤ ቅንጣት አልጎደለበትም። ግን ደግሞ ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው አይበራም ነበር። ታዲያ ምን አለፈ?

ይቺን ጥያቄ ያዙልኝ። እመለስባታለሁ፤ ደግሜ ደጋግሜ እመለስባታለሁ።

ባለፈው ቪዲዮ ስር ብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ነገር ጻፋችሁልኝ። «ሂንዱውም፣ ቡዲስቱም፣ ጃይኑም ያው ናቸው። ሁሉም ሰው ሞቶ ይወለዳል ይላሉ። ሁሉም ካርማ፣ ማለትም ሥራህ ተከትሎህ ይመጣል፣ ይላሉ። ሁሉም እግራቸውን አጣጥፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ።» በክፋት እንዳልጻፋችሁት አውቃለሁ። እንዲያውም በአክብሮት ነው። እኔ ግን አልስማማም። እነዚህ ከሕንድ የተነሡ የሦስት ሃይማኖት ሰዎች ከ2,000 ዓመት በላይ እርስ በርስ ሲከራከሩ ኖረዋል። ያውም አንጀት በሚበላ ጥያቄ ላይ፦ ሰው ሲሞት ወደሚቀጥለው ሕይወት የሚሻገረው ምንድን ነው? «ያው ናቸው» ካልን ክርክሩን ሁሉ ውሃ በላው።

በጨው ልጀምር።

ቻንዶግያ ኡፓኒሻድ የሚባል በጣም የቆየ የሂንዱ መጽሐፍ አለ። እዚያ ውስጥ ኡዳላካ የሚባል አባትና ሽቬታኬቱ የሚባል ልጁ አሉ። ልጁ በ12 ዓመቱ መምህር ዘንድ ሄዶ በ24 ዓመቱ ቬዳ የሚባሉትን ቅዱሳት መጻሕፍት ሁሉ ጨርሶ ተመለሰ። ተምሮ ብቻ ሳይሆን ኮርቶም ነው የተመለሰው። አባትየው ይህን አየና፣ ይህን ጨው ውሃ ውስጥ ጨምረህ ነገ ጠዋት ና አለው። ጠዋት መጣ። በል ጨውን አምጣልኝ። ልጁ እጁን ከተተ፣ ፈለገ፣ የለም። እስቲ ከዚህ ጥግ ቅመሰው። ጨው ነው። ከመሃሉስ? ጨው ነው። ከዚያኛው ጥግስ? ጨው ነው። አባትየው ያን ጊዜ ነው የነገረው፦ አታየውም እንጂ እዚሁ አለ። አንተም እሱ ነህ፣ ሽቬታኬቱ።

እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። አባት ኩራተኛ ልጁን ሳይቆጣ፣ ሳያዋርድ፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ሲያስተምረው።

እንግዲህ በዚህ አስተሳሰብ ሰው ውስጥ የማይለወጥ፣ የማይሞት ነገር አለ። አትማን ይሉታል። ባጋቫድ ጊታ በሚባለው ሌላ የሂንዱ መጽሐፍ ላይ ያለው ምሳሌ ደግሞ ልብስ ነው። ሰው ያረጀ ልብሱን አውልቆ አዲስ እንደሚለብሰው፣ አትማንም ሥጋን እንደዚያ ይቀያይራል። በ8ኛው መቶ ዘመን ገደማ የኖረው ሻንካራ የሚባል መምህር ነገሩን እስከ ጥግ ወሰደው፤ አትማንና የሁሉ መሠረት የሆነው ብራህማን ሁለት አይደሉም አለ። ሂንዱዎች ሁሉ ግን በዚህ አይስማሙም። ራማኑጃና ማድቫ የሚባሉ መምህራን በብርቱ ተቃውመውታል። እሱ ራሱን የቻለ ቪዲዮ ይፈልጋል።

ቡድሃ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ልብሱ አለ፤ ልብሱን የሚቀያይር፣ ሳይለወጥ የሚኖር ሰውዬ ግን አይገኝም ይላል። አናታ የሚሉት ይህ ነው። ሰው የአምስት ነገሮች ጥርቅም ነው፦ አካል፣ ስሜት፣ መለየት፣ የሐሳብና የፈቃድ ዝንባሌ፣ ንቃት። አምስቱም ይለዋወጣሉ፤ አንዱ በሌላው ምክንያት ይነሣል፣ ምክንያቱ ሲጠፋ ይጠፋል። ይህን ክፍል ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አልቆይበትም። ለአዲሶቹ ግን ስለ አምስቱ ለብቻው የሠራሁት አለ፤ ቻናሉ ላይ ታገኙታላችሁ።

መቆየት የምፈልገው ጧፉ ጋ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዘመን ዛሬ ፓኪስታንና አፍጋኒስታን በምንላቸው አገሮች አካባቢ አንድ የግሪክ ንጉሥ ይገዛ ነበር። ሜናንድሮስ ይባላል፤ ቡዲስቶች ሚሊንዳ ይሉታል። መከራከር የሚወድ ንጉሥ ነው። ከናጋሴና ከሚባል መነኩሴ ጋር ያደረገው ሙግት ተብሎ የተጻፈ መጽሐፍ አለ። እውነት እንደዚያ ቃል በቃል ተነጋግረዋል ወይ ብትሉኝ፣ መጽሐፉ በኋላ የተቀናበረ ነው። ጥያቄዎቹ ግን የእኔና የእናንተ ጥያቄዎች ናቸው።

ንጉሡ ይጠይቃል፦ ዳግም የሚወለደው ያው ሰው ነው ወይስ ሌላ? መነኩሴው፦ ያውም አይደለም፣ ሌላም አይደለም።

ይህን ስትሰሙ «ታዲያ ምንድን ነው?» ትላላችሁ። ንጉሡም ያለው እሱን ነው። በምሳሌ አስረዳኝ! ናጋሴና መብራት አመጣለት። ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ መብራት አለ እንበል። በመጀመሪያው ሰዓት የነበረው ነበልባልና ሊነጋጋ ሲል ያለው ነበልባል አንድ ናቸው? አይደሉም፤ ያኛው ዘይት ተቃጥሎ አልቋል። ታዲያ ሁለት የተለያዩ መብራቶች ናቸው? እነሱም አይደሉም። ሌሊቱን ሙሉ የበራው አንድ መብራት ነው። ቀጥሎ ወተት ጠቀሰለት። ወተት ይረጋል፣ እርጎ ይሆናል፣ እርጎው ተንጦ ቅቤ ይወጣዋል፣ ቅቤው ይነጠራል። ንጥር ቅቤው ወተት ነው? አይደለም። ያለ ወተት መጣ? አልመጣም። ይህን ወተት የናጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚያ ንጉሡ ሌላ ጥያቄ አመጣ፦ ምንም ነገር ሳይሻገር መወለድ ይቻላል? ናጋሴና፣ ከአንድ መብራት ሌላ መብራት ሲለኮስ ምን ይሻገራል ብሎ መለሰለት። ጧፌ መጣች! አሁንም እዩዋት፣ ሁለቱም እየበሩ ነው። ቀጥሎ የጨመረለት ደግሞ ለእኔ ከመብራቱ ይበልጣል። ልጅ ሳለህ ከመምህርህ ግጥም ተምረሃል አይደል? ግጥሙ ከመምህርህ ወጥቶ ወደ አንተ ገባ እንዴ? መምህርህ ግጥሙን አጣው?

ፊደል የቆጠራችሁ ሁሉ ይህን አስቡት። የኔታ «ሀ» ብለዋል፤ እናንተም «ሀ» ብላችኋል። የኔታ አንድ «ሀ» ጎደለባቸው?

«እሺ፣ ምንም ካልተሻገረ የሠራሁትን ማን ይከፍለዋል?» የሚል ይኖራል። ንጉሡም ብሏል። ናጋሴና በማንጎ መለሰለት። ሌባ የሰው ማንጎ ሰረቀ። ዳኛ ፊት ሲቀርብ «ሰውየው የተከለው ሌላ ማንጎ፣ እኔ የወሰድኩት ሌላ ማንጎ» አለ። ይፈታል? አይፈታም! የወሰደው ከተተከለው የመጣ ነዋ። ሥራና ውጤትም እንደዚያ ይያያዛሉ።

ጃይኖች ደግሞ ሁለቱንም አይቀበሉም። ነፍስ አለች ይላሉ፤ ጂቫ ትባላለች። በእያንዳንዱ ሕያው ነገር ውስጥ አለች፤ ጉንዳን ውስጥም፣ ሽንኩርት ውስጥም። ካርማ ደግሞ ለእነሱ ረቂቅ ቁስ ነው። ቅባት በነካው ልብስ ላይ አቧራ እንደሚጣበቀው፣ ነፍስ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ የጃይን መነኩሴ ከመቀመጡ በፊት ቦታውን በለስላሳ መጥረጊያ ይጠርጋል፣ ትንንሽ ፍጥረታት እንዳይጨፈለቁ። ብዙዎቹ አፋቸውን በጨርቅ ይሸፍናሉ። ጥብቅ የሆኑት ድንችና ነጭ ሽንኩርት አይበሉም፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም አይመገቡም። ቡድሃ በበኩሉ ካርማ የምለው ሆን ብሎ ማሰብን ነው ብሏል። ሳታውቅ ጉንዳን ብትረግጥ ለቡዲስቱ ከባድ አይደለም። ለጃይኑ አቧራው ተጣብቋል። እና ይሄ ያው ነው?

አንድ ነገር ሳልመልስ ማለፍ አልችልም፤ ጥያቄው በዝቶብኛል። «ቡድሃ ጾመ፣ መነነ ትላለህ። እኔ የማውቀው ቡድሃ ግን ሆዱ የተዘረጋ፣ ጥርሱን ገልጦ የሚስቅ ወፍራም ሰው ነው። ሬስቶራንት ባንኮኒ ላይ አይቼዋለሁ።»

አይታችኋል፤ ልክ ናችሁ። ግን እሱ ሲድሃርታ ጋውታማ፣ እስካሁን የማወራላችሁ ቡድሃ፣ አይደለም። ቡዳይ ይባላል። በ10ኛው መቶ ዘመን ቻይና ውስጥ እንደኖረ የሚነገርለት መነኩሴ ነው። ስሙ የጨርቅ ጆንያ ማለት ነው፤ ጆንያ ተሸክሞ ይዞር ስለነበር። ሰዉ ይወደው ነበር፤ ልጆች ይከቡት ነበር ይባላል። ከጊዜ በኋላ ወደፊት ይመጣል የሚባለው ቡድሃ፣ ማይትሬያ፣ በእሱ ተገልጧል ተብሎ ታመነ። ቡድሃ ማለት ደግሞ የሰው ስም ሳይሆን ማዕረግ ነው፤ የነቃ ማለት ነው። ስለዚህ «ቡድሃ» ብላችሁ መጥራታችሁ ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ሰውየው ግን ሌላ ነው፤ በመካከላቸው ከ1,300 ዓመት በላይ አለ።

ሲድሃርታን ማየት የምትፈልጉ ላሆር ሙዚየም ያለውን ሐውልት ፈልጉ። ጋንዳራ በሚባለው የጥንት አገር ውስጥ የተቀረጸ ነው። ሲጾም የሚያሳይ። የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ዓይኑ ወደ ጉድጓዱ ገብቷል፤ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቋል። ጽሑፎቹም የሚሉት እሱን ነው፤ የሆዴን ቆዳ ስነካ የጀርባ አጥንቴን እይዝ ነበር ይላል። ስድስት ዓመት እንደዚያ ከቆየ በኋላ ነው ይህ መንገድ አያደርስም ብሎ ምግብ የቀመሰው። ሱጃታ የምትባል ሴት በወተት የተሠራ ሩዝ ሰጠችው ይላል ትውፊቱ። አብረውት የነበሩት አምስት ባሕታውያን «ይሄማ ተመቸው» ብለው ጥለውት ሄዱ። በዚያው ዘመን ገደማ የጃይኖቹ መምህር ማሃቪራ በዚያው ምድር ይመላለስ ነበር። እሱ ከጾሙ አልተመለሰም። አንዱ ተመለሰ፣ አንዱ ገፋበት። ሁለቱም የመጨረሻው ነጻነት ላይ ደረሱ ይላሉ ተከታዮቻቸው።

አንድ ጊዜ ቡድሃ ሶና የሚባል ደቀ መዝሙር ነበረው፤ ሲመላለስ እግሩ እስኪደማ ራሱን ያስጨነቀ። ቤትህ ሳለህ ባለ አውታር መሣሪያ ትጫወት አልነበር? አለው። ጅማቱ ሲላላ ይዘፍናል? አይዘፍንም። ሲከርስ? እንደሱም አይሆንም። ክራር የሚቃኝ ሰው አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጆሮውን አስጠግቶ ትንሽ ያጠብቃል፣ ትንሽ ያላላል፣ እንደገና ያጠብቃል። መካከለኛው መንገድ የሚሉት ያን ነው። «ትንሽ ትንሽ ከሁሉም» ማለት አይደለም፤ መቃኘት ነው።

ስለ መቀመጡ ደግሞ ቶሎ ልበል። ሦስቱም ይቀመጣሉ፤ የሚፈልጉት ግን ይለያያል። ፓታንጃሊ በሚባለው የሂንዱ መምህር ዮጋ የሐሳብ ሞገድ ሲረጋ ተመልካቹ በራሱ ማንነት ያርፋል። ተመልካች አለ ማለት ነው። ቪፓሳና የሚባለውን የቡዲስት ሜዲቴሽን የሚሠራ ሰው ትንፋሹን ያያል፣ የጉልበቱን ሕመም ያያል። ሕመሙ መጣ፣ ጨመረ፣ ሄደ። «የእኔ» የሚለው ስሜትም እንደሱ መጣ፣ ሄደ። ጃይኑ ለ48 ደቂቃ በእርጋታ ሲቀመጥ አዲስ አቧራ እንዳይጨምር ነው። ደግሞ ቡዲስት ሁሉ ሜዲቴሽን ይሠራል እንዳትሉ። ጃፓን ውስጥ ሺንራን የሚባል መነኩሴ ተከታዮች አሚዳ የሚሉትን ቡድሃ ስም ይጠራሉ፤ ዋናው ልምምዳቸው እሱ ነው።

ከዱባይ የምትከታተለኝ አንዲት እህት ጽፋልኛለች። አብራት የምትሠራው ስሪላንካዊት በየወሩ አንድ ቀን ነጭ ትለብሳለች፤ ከቀትር በኋላም ምግብ አትቀምስም። «ጾም ነው ስትለኝ ነጠላዬን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን የምሄድበት ቀን ትዝ አለኝ» ትላለች። እህቴ፣ ቀኑ ፖያ ይባላል፤ ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበት ቀን ነው። ስሪላንካ ውስጥ ሥራ ይዘጋል፣ መጠጥ አይሸጥም። አማኞች ለዚያ ቀን ስምንት ትእዛዛትን ይይዛሉ፤ ከቀትር በኋላ አለመብላት አንዱ ነው። ስትገናኙ ቀኑ እንዴት ዋለ በያት፤ ደስ ይላታል።

ጧፎቹ ሊያልቁ ነው። ሳይጠፉ አንድ ነገር ላሳያችሁ።

ቡድሃ በቤተ መንግሥት ማደጉ፣ አባቱ ሽማግሌና በሽተኛ እንዳያይ መከልከሉ፣ እሱ ግን አይቶ መመነኑ፣ ይህ ታሪክ ከሕንድ ወጥቶ በፋርስ በኩል ወደ ዓረብኛ ገባ። ቦዲሳትቫ፣ ማለትም ቡድሃ ሊሆን ያለ፣ የሚለው ማዕረግ ቡዳሳፍ ሆነ። በዓረብኛ «ቡ» እና «ዩ» የሚለያዩት በነጥብ ነው፤ አንድ ነጥብ ተጨመረና ዩዳሳፍ ተባለ። ከዚያ ወደ ጆርጂያኛ፣ ከዚያ ወደ ግሪክኛ፤ እግረ መንገዱን የክርስቲያን ቅዱስ ታሪክ ሆነ። ከግሪክኛው ተመልሶ ወደ ዓረብኛ። በመጨረሻም በ1553 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በንጉሥ ገላውዴዎስ ዘመን፣ የደብረ ሊባኖሱ አባ ዕንባቆም ከዓረብኛ ወደ ግእዝ መለሱት። በረላምና ይዋስፍ ይባላል። ይዋስፍ የሕንድ ንጉሥ ልጅ ነው። አባቱ ሕመምና እርጅና እንዳያይ ከልክሎታል። እሱ ግን አየ፤ መነነም።

ይዋስፍ ያው ቡድሃ ነው? አይደለም፤ ይዋስፍ በክርስቶስ ያምናል። ሌላ ነው ታዲያ?

በሚቀጥለው ሳምንት የግእዙን ታሪክ ይዤ እመጣለሁ፤ አብረን እናነበዋለን። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ። የአያቶቻችሁ ቤት ይህን ታሪክ ሲነገር የሰማችሁ ካላችሁ፣ እንዴት አድርገው እንደነገሯችሁ ጻፉልኝ።