ንግድ ፈቃዱ ተመለሰ፣ ዕዳውስ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከሐሳቤ ስላልወጣ ነገር ላውራችሁ፤ ስለተዘጋ ድርጅት ዕዳ።

በሂሳብ ሥራ ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ፦ «ፒኤልሲ ነው እኮ፣ የሚጠየቀው ድርጅቱ ነው።» እውነት አለው። ፒኤልሲ ማለት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ነው፤ አባሉ በመርህ ደረጃ የሚያጣው ያዋጣውን ነው። የኅብረት ሽርክና ማህበር ከሆነ ግን ሸሪኮቹ በግል ሀብታቸው ጭምር ይጠየቃሉ።

ፒኤልሲም ቢሆን ንግድ ፈቃድ ስለተመለሰ ዕዳው አይሰረዝም። ማህበሩ ሲፈርስ ሂሳብ አጣሪ ይሾማል፣ ንብረቱ ይሸጣል፣ መጀመሪያ ከማህበሩ ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች ይከፈላቸዋል። አባላት የሚካፈሉት የተረፈውን ነው። መኪናውንና ማሽኑን ቀድሞ ተከፋፍሎ «ዘግተናል» ማለት መዘዝ አለው። በታክስ ዕዳ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሊጠየቅ የሚችልበት ሁኔታ በአዋጅ ቁጥር 983/2008 ተቀምጧል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ባንክ ቤት የሚፈረመው ወረቀት ነው። ለድርጅቱ ብድር ሲጠየቅ ባለቤቱ በግሉ ዋስ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ሚስትም ትፈርማለች፤ የድርጅቱ ሂሳብ ምን ላይ እንዳለ የነገራት ሳይኖር። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ቢፈርስም ዋሶቹ አሉ። ቤት በመያዣነት ከተሰጠ ደግሞ ነገሩ ይፈጥናል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ በውሉ ሥልጣን ከተሰጠው፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ልጆች ያደጉበትን ቤት!

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 እዚህ ላይ ይጠቅማል። ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ያንን ቁጥር ፈልጉ፣ ከብድሩ ጋር አስተያዩት።

ደግሞ ድርሻውን ሸጦ የወጣ ሰው ከዋስትናውም የወጣ ይመስለዋል። አልወጣም። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። እባካችሁ፣ ውልና ማስረጃ ከመሄዳችሁ በፊት ባንኩን አነጋግሩ። ከዋስትናው ነፃ የሚያደርጋችሁን ደብዳቤ በጽሑፍ ጠይቁ። ባንኩ ምትክ ዋስ አምጡ ካለ፣ ገዢው ፈርሞ እስኪተካችሁ ድረስ ሽያጩን አትጨርሱ።