«ዘንድሮ ነው» ያልነው ስንተኛው ዘንድሮ ነው?

ናቲ፦ እሺ፣ ተመልሰናል። የዛሬው ወሬያችን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በጊዜው ስላልተመረቀ ልጅ ነው። ቤቲ፣ በዓል ላይ ዘመድ ቤት ስትሄጂ ገና ቡናው ሳይፈላ የምትጠየቂው ምን ነበር?

ቤቲ፦ «መቼ ነው የምትመረቂው?» (ሳቅ) እኔ እኮ ሦስት ፋሲካ «ዘንድሮ ነው» እያልኩ ነው ያለፍኩት። በመጨረሻ አክስቴ «የኔ ልጅ፣ ይሄ ስንተኛው ዘንድሮ ነው?» አለችኝ።

ናቲ፦ የኔ እናት ለጎረቤት ማስረዳት ሲሰለቻት «ዶክትሬቱንም እዚያው ሊጨርስ ነው መሰለኝ» ትል ጀመር። ሰው የሚያስበው ግን አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ጫት ቤት ነው የሚውለው።

ቤቲ፦ እሱም አይጠፋም፣ አንካድ። ግን ቆጠራው ራሱ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። የልጁ ታላቅ እህት አካውንቲንግ በሦስት ዓመት ጨርሳለች፤ ከ2012 ጀምሮ ግን ፍሬሽማን የሚባለው የመጀመሪያ ዓመት ተጨምሮ አራት ሆኗል። ቤተሰብ አሁንም ሦስት ይቆጥራል።

ናቲ፦ የኛን ባች ደግሞ እዪው። በ2011 ኢንጂነሪንግ ገባን፣ አምስት ዓመት ነው፣ በ2015 እንወጣለን ብለን። መጋቢት 2012 ኮሮና መጣና ሻንጣችንን ይዘን ወደየቤታችን። ስንጠራም ቅድሚያ ለተመራቂዎች ተባለ፣ እኛ ስልካችን ላይ ማስታወቂያ ስንጠብቅ ከረምን። እኔስ ቤቴ ነበርኩ። መቀሌ፣ አክሱም፣ አዲግራት የነበረው ልጅስ? ጦርነቱ ጥቅምት 2013 ተጀመረ፣ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 2015። ያንን ጊዜ በየትኛው ሴሚስተር ይቁጠረው?

ቤቲ፦ እሱን እንኳን የእኔ ታሪክ አጠገቡ አይቆምም። የእኔ አንዲት ኤፍ ናት።

ናቲ፦ ንገሪን እስቲ።

ቤቲ፦ ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ ኮርስ ወደቅኩ። ምን አለበት፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር እወስዳታለሁ አልኩ። ለካ ኮርሷ የምትሰጠው በዓመት አንዴ ነው። እሷን ሳላልፍ ደግሞ ቀጣዩን መውሰድ አልችልም፣ ቀጣዩን ሳልወስድ ከሱ በኋላ ያለውን። ዓመቱን ጠብቄ ከታች ባች ጋር አድ ላደርጋት፣ ማለት ልመዘገብባት ስሄድ ሰዓቱ ከራሴ ባች ክላስ ጋር ተጋጨ። ሬጂስትራር ሄድኩ፣ ዲፓርትመንት ሂጂ አሉኝ፤ ዲፓርትመንት ሄድኩ፣ አድቫይዘርሽን፣ አማካሪ መምህርሽን አናግሪ፤ አድቫይዘሬ የለም። ኮርስ የሚጨመርበትና የሚቀነስበት የአድና ድሮፕ ቀን አለፈ።

ናቲ፦ አድቫይዘር ማለት ፎርም ላይ የሚፈርም ሰውዬ አይደል? (ሳቅ)

ቤቲ፦ ሲገኝ! ማንም ሰው ፍሬሽ እያለሁ ቁጭ አድርጎ «ይቺን ኮርስ ከጣልሽ ዓመትሽ ይሄዳል» ቢለኝ እኮ ሌሊቱን ሙሉ አነባት ነበር።

ናቲ፦ በውጤት ዲስሚስ ተደርጎ፣ ማለት ተባርሮ፣ ተመልሶ ለመግባት ሪአድሚሽን የሚጠብቀውም አለ። አሁን ደግሞ ከ2015 ወዲህ መውጫ ፈተና መጣ። ኮርስ ጨርሰህ፣ ሃምሳ ካልሞላህ ዲግሪ የለም። ጋውን ለብሶ ፎቶ ተነስቶ፣ ፎቶው ሳሎን ተሰቅሎ፣ ልጁ ግን ክፍሉ ገብቶ ለድጋሚው እያጠና...

ቤቲ፦ እሱ ልጅ የአክስቴ ልጅ ነው። ይኸውልህ፣ ባለፈው ፋሲካ አየሁትና ምን ብለው ጥሩ ነው?

ናቲ፦ እንዳትይኝ!

ቤቲ፦ «መቼ ነው የምትመረቀው?» ከአፌ አመለጠኝ፣ ምን ላድርግ! ዶሮውን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ።