በግራ በኩል የመጣው ጀልባ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ!

"ጀልባ መንዳት እኮ አውቃለሁ፣ የተሳፋሪ ጀልባ መንጃ ፈቃድ ፈተናው ምን ያቅተኛል?" ብላችሁ የመጣችሁ ስንት ናችሁ? እጅ አታውጡ፣ ግድ የለም። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የገባሁት። ወደቅኩ።

ከጣሉኝ ጥያቄዎች አንዷ እስከ ዛሬ አትረሳኝም። በሞተር ጀልባ እየሄድክ ነው፣ ሌላ ሞተር ጀልባ በግራህ መጥቶ መንገድህን ሊያቋርጥ ነው። አንተ በቀኙ ስለሆንክ መልቀቅ ያለበት እሱ ነው። እሱ ግን ዝም ብሎ ይመጣል። ምን ታደርጋለህ? እኔ "ወደ ግራ ታጥፌ በኋላው አልፋለሁ" አልኩ፣ በጣም እርግጠኛ ሆኜ። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የግጭት መከላከያ ደንብ ግን ቁጥር 17 ላይ፣ ሁኔታው ከፈቀደ፣ በግራህ ላለ ጀልባ ብለህ ወደ ግራ አትታጠፍ ይላል። ለምን መሰላችሁ? ያ ሰውዬ በመጨረሻዋ ደቂቃ ቢባንን የሚታጠፈው ወደ ቀኙ ነዋ! አንተ ወደ ግራ፣ እሱ ወደ ቀኝ፣ መሃል ላይ ትላተማላችሁ።

ከዚያ በኋላ መሸምደዱን ተውኩት። ሁለት የክብሪት ቀፎ ወስጄ ግራቸውን ቀይ፣ ቀኛቸውን አረንጓዴ ቀባሁና ጠረጴዛ ላይ ማንሸራተት ጀመርኩ። ቤተሰቤ አብዷል ብሎኝ ነበር። ማታ ውሃ ላይ ግን የሚታያችሁ ጀልባው ሳይሆን መብራቱ ነው፣ እንደ ቀፎዎቼ በግራው ቀይ፣ በቀኙ አረንጓዴ፤ በቀኛችሁ በኩል ቀይ መብራት እያቋረጠ ከመጣ፣ የምትለቁት እናንተ ናችሁ። ሐኪሙ ቀለም ትለያለህ ወይ ብሎ የሚመረምራችሁም ለዚሁ ነው።

ሌላው ጣጣ የልምድ ቀናት ነው፣ ለፈቃዱ የሚቆጠሩላችሁ ጀልባ ላይ የሠራችሁባቸው ቀናት ማለት ነው። ስንት ቀን እንደሚያስፈልግ ፈቃድ ሰጪው ይነግራችኋል፣ ማስረጃውን የምትሰበስቡት ግን እናንተ ናችሁ። ቀኑን፣ የጀልባዋን ስምና ርዝመት፣ ከየት የት እንደሄዳችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደቆያችሁ በየማታው ጻፉ፣ እዚያው አስፈርሙ። እኔ "በኋላ አስፈርማለሁ" እያልኩ ቆይቼ፣ ጀልባውን ሸጦ የሄደ ባለቤት ፍለጋ ፍዳዬን አይቻለሁ።

አሁን ወደ ተሳፋሪ ልምጣ፤ ፈቃዱ የሚያስፈልገው ለእነሱ ነውና። ከመነሳታችሁ በፊት ቁጠሯቸው። አደጋ ደርሶ በሬዲዮ ቻናል 16 ላይ ሦስት ጊዜ "ሜይዴይ" ካላችሁ፣ ስማችሁን፣ ያላችሁበትን ቦታና ችግሩን ተናግራችሁ ስንት ሰው እንደጫናችሁም ትናገራላችሁ። ያኔ "አሥር... አይ አሥራ አንድ" ብትሉ፣ የሌለ ሰው ሲፈለግ ሊዋል ነው፣ ወይም ያለ ሰው ሊረሳ። ደግሞ አንዱ ወፍ አይቶ "ያውላችሁ!" ሲል ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይነሳል፣ ትንሽ ጀልባ ደግሞ ይሄን አትችልም። ስለዚህ ገና ሳትነሱ "ማየት የፈለገ ተቀምጦ ይይ" በሉ። "አንድ ሰው ብቻ ጨምር፣ ምን ትሆናለህ?" የሚላችሁም አይጠፋም። ዘመድ ከሆነማ ባሰ! ከተፈቀደው ቁጥር በላይ ከሆነ ይውረድ፣ ይቀየማችሁ።

በሉ፣ ገመዶቹ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ቋጠሮ እያሠራኋችሁ ጠይቁኝ፣ የክብሪት ቀፎዎቹንም ይዣቸው መጥቻለሁ።