ማስኩን ቀይሩልኝ በሉ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ ሲፓፕ ማሽን ብቻዬን ላወራ ነው፤ ማታ ስንተኛ ትንፋሻችን እንዳይቋረጥ፣ ፊት ላይ በሚታሰር ማስክ አየር ስለሚነፋልን ማሽን።

እኛ ዘንድ ማንኮራፋት መሳቂያ ነው። «ማታ ጣሪያውን ልትነቅለው ነበር» ይባልና ይታለፋል። ባለቤቴን ያስፈራት ግን ድንገት ጸጥ ማለቴ ነበር። ትንፋሼ ቁርጥ ይላል፤ ቆይቶ እንደታነቀ ሰው እየተንፈራገጥኩ አየር እስባለሁ። ለእኔ የሚታወቀኝ የጠዋቱ ራስ ምታት ነው። ደግሞ እዚህ ቨርጂኒያ ኡበር ስነዳ ቀይ መብራት ላይ ዓይኔ ክድን ማለቱ።

ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። እንደ እኔ ዓይነቱ ላይ መተንፈሻውን ይዘጋዋል። ኦክስጅን ሲወርድ አንጎል ያባንነናል፤ ጠዋት ግን አናስታውሰውም። ቢያንስ 10 ሰከንድ የቆየ መቋረጥ ይቆጠራል። በሰዓት 5 ሲደርስ ችግር አለ፣ 30 ከደረሰ ከባድ ነው ይላሉ። መድኃኒት እየዋጣችሁ ደም ግፊታችሁ አልወርድ ካለ፣ ለሐኪማችሁ የእንቅልፋችሁንም ነገር አንሱለት።

ሲፓፕን እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው ኮሊን ሱሊቫን የሚባል የሲድኒ ሐኪም ነው። የክፍሉን አየር በግፊት እየነፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ ያደርጋል፣ በቃ። እናቴ በቪዲዮ አይታኝ «ልጄን ኦክስጅን ላይ አደረጉት» ብላ አልቅሳለች። ኦክስጅን አይደለም፣ እማ።

እኔ የማውቃቸው፣ ማሽኑን ቁምሳጥን ውስጥ የወረወሩ ሰዎች፣ ሁሉንም ያማረራቸው ማስኩ ነው። የእኔም አየሩ ሽቅብ እያፈተለከ ዓይኔን ያደርቀው ነበር። ማሰሪያውን ባጠበቅኩት ቁጥር ይብሳል፤ ጉንጬም ላይ ቀይ መስመር ይሠራል። ክሊኒኩ ስመለስ ባለሙያዋ ወንበር ላይ አላስቀመጠችኝም። «እስቲ ተኛ» አለችኝ። ማሽኑን ከፈተች፣ በጎኔ አስተኛችኝ፣ ማሰሪያውን አላላችው። ለካ ስንጋደም የፊታችን ቅርፅ ይለወጣል፤ ተቀምጠን ልክ የሆነው ማስክ ያኔ አየር ያስወጣል። በአፌ እንደምተነፍስ ስታይ ደግሞ የአፍንጫውን ትታ፣ አፍንም አፍንጫንም የሚሸፍነውን ሰጠችኝ። ያልተመቻችሁ ካላችሁ አትሸማቀቁ፤ ቀይሩልኝ በሉ።

በጊዜ በሉ ደግሞ። ማሽኑ ስንት ሰዓት እንደተጠቀማችሁ ይመዘግባል። ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው ኢንሹራንስ፣ ለማሽኑ መክፈሉን እንዲቀጥል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ፣ በተከታታይ 30 ቀን፣ ከሌሊቶቹ በ70 በመቶው ቢያንስ 4 ሰዓት እንድትጠቀሙ ይጠይቃል። ብዙ የግል ኢንሹራንሶችም እሱን ይከተላሉ። ማስክ አልሆነው ያለ ሰው እንደ ሰነፍ ተቆጥሮ ማሽኑን ሲቀማ፣ እኔ በበኩሌ ያናድደኛል።

አገር ቤት ለምትሄዱ፦ በአሜሪካ ሕግ ማሽኑ ከእጅ ሻንጣ አይቆጠርባችሁም፣ ስለዚህ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር አትስጡት። ቻርጀሩ ላይ 100-240 ቮልት የሚል ካለ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃችኋል። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ካደራችሁ፣ አየሩን ለማርጠብ ማሽኑ ላይ ያለውን የውሃ ማሞቂያ አጥፉት፤ ባትሪ የሚጨርሰው እሱ ነው። በሉ፣ ደህና ሁኑ።