ማን ላከህ?

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ሁለት ሙክት ይዘን እዚሁ ደብረ ብርሃን በግ ተራ ወጣን። አንድ ደላላ ተጠጋን። የአባቴን እጅ በጋቢው ጫፍ ሸፍኖ ያዘና በጆሮው "ዛሬ ገበያው ወድቋል፣ በዚህች ስጥና ሂድ" አለው። አባቴም የሚያዝንለት ሰው ያገኘ መስሎት ሸጠ። ደላላው የገዢው ሰው መሆኑን የሰማነው ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ነው። አባቴን ያንገበገበው የብሩ ማነስ አልነበረም። "ምናለ የማን እንደሆነ ቢነግረኝ" ነበር ያለው። "ብሰማውም አውቄ እሰማው ነበር።"

ዛሬ እናንተ ፊት የቆምኩት ለዚህ ነው። የውጭ መንግሥት ወይም ኩባንያ ሰው ቀጥሮ የሕግ አውጪውን ጆሮ ሲይዝ፣ ያ ሰው የማን እንደሆነ ሕዝብ ይወቅ።

ይህ ለሸዋ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በድሮው ችሎት ነገረ ፈጅ ሲሟገት፣ ለማን እንደቆመ ሳይታወቅ ማን ይሰማው ነበር? እ.ኤ.አ. በ1841 አንጎለላ ላይ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ጋር ሲዋዋሉም፣ ሰውዬው የመጣው የላከውን መንግሥት ስም ጠርቶ፣ ስጦታውን በይፋ ይዞ ነው። በውሉ መከራከር ይቻላል። የማን አፍ እንደነበር ግን አያከራክርም።

አሜሪካኖች ይህን የሚያስገድደውን ሕጋቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ያኔ ያሰጋቸው፣ የናዚ ጀርመን ፕሮፓጋንዳ በአገራቸው ሰው አፍ መሰራጨቱ ነበር። ሕጉ ሎቢን፣ ማለትም ሕግ አውጪን እየተጠጉ መወትወትን፣ አይከለክልም። ለውጭ መንግሥት ተቀጥሮ የሚወተውት ሰው ፍትሕ ሚኒስቴር ዘንድ ይመዘገባል። ውሉን ያስገባል፣ ስንት እንደተከፈለውና ምን እንደሠራበት በየስድስት ወሩ ያሳውቃል። መዝገቡ ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ነው። የኢትዮጵያም ሆነ የግብፅ መንግሥት ዋሽንግተን ውስጥ ከሎቢ ድርጅቶች ጋር የገቡት ውል እዚያ ይነበባል። እስቲ አስቡት! የራሳችን ገንዘብ ለማን እንደተከፈለ የምናነበው ከሰው አገር መዝገብ ነው። እኔን ይህ ያመኛል።

አውስትራሊያም እ.ኤ.አ. በ2018 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። የብሪታንያው መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራ ጀምሯል።

እኛስ? በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 621 በሰብዓዊ መብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ አገደ። ብዙዎቹ ተዳከሙ። ሥራቸውን የቀየሩም አሉ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ 1113 ያንን ማነቆ ፈታ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ 1162 ደግሞ ፓርቲዎች ከውጭ ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ጥሩ ነው። ግን ፓርቲም ማኅበርም ያልሆነው፣ በየቢሮው በር የሚያንኳኳው ተከፋይ ጉዳይ አስፈጻሚስ? የላከውን አካል ስም የምናይበት ክፍት መዝገብ የለንም።

ስጋታችሁ ይገባኛል። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣችው ሕግ "የውጭ ወኪል" የሚል ታርጋ እየለጠፈ ስንቱን ማኅበርና ጋዜጠኛ አሸማቋል። እንዲህ ያለውን ሕግ እኔም አልፈልግም። ዋሽንግተን ያለው ወንድማችን በራሱ ኪስና በራሱ ሐሳብ ስለ አገሩ ቢጮህ፣ ያ መብቱ ነው። እርዳታ ተቀብሎ ጉድጓድ የሚቆፍር ማኅበርም ሎቢስት አይደለም። መመዝገብ ያለበት፣ በሌላው ትእዛዝና ክፍያ ሕጋችንን ለማስቀየር የሚወተውተው ነው። የተቀበለውም ባለሥልጣን ማንን መቼ እንዳነጋገረ ይጻፍ። መዝገቡንም አስፈጻሚው ብቻውን አይያዘው። ስሙ ያላግባብ የገባበት ሰው ፍርድ ቤት ይሂድ።

ለምክር ቤት ተወካዮቻችን ያዘጋጀነው ደብዳቤ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። ሁለት ገጽ ነው። ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፣ የማትስማሙበት ካለ ጠርዙ ላይ ጻፉበት፣ ካመናችሁበት ፈርሙ። ማን እንዳዘጋጀውና የወረቀቱን ወጪ ማን እንደከፈለ መጀመሪያው ገጽ ላይ ሰፍሯል።

አመሰግናለሁ።